ሆርን አንቴና ሠርቶ ሃይድሮጅንን ማዳመጥ፦ የመጀመሪያውን ዩኒቨርስ ማጥናት ለጀመረ የሬዲዮ አስትሮኖመር

ስለ መጀመሪያው ዩኒቨርስ በሬዲዮ ሞገድ ለማጥናት የተነሳ ጀማሪ ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚረከበው ሌሎች የሰበሰቡትን ዳታ ነው። ኮዱን ያስኬዳል፣ ግራፉን ያወጣል። ግራፉ ላይ ያየው ጉብታ ከሰማይ ይምጣ ከኬብሉ ግን አያውቅም። የዚህ ሙያ ዋናው ጣጣ ደግሞ እሱን መለየት ነው። ስለዚህ ወደ ትልቁ ዳታ ከመግባት በፊት አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ በገዛ እጅ መሥራት፣ መለካትና ካሊብሬት ማድረግ (ንባቡን ከሚታወቅ ነገር ጋር ማመሳከር) ያዋጣል። ከዚህ በታች ያለው ለዚያ የሚሆን መመሪያ ነው። መጀመሪያ በ1420 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሆርን፣ ማለትም አፉ የሰፋ ቀንድ መሳይ አንቴና፣ እንሠራለን፤ በመጨረሻም ያው ልምድ ወደ 78 ሜጋኸርዝ ሲወርድ ምን እንደሚቀየር እናያለን።

ፊዚክሱ ባጭሩ ይህ ነው። ገለልተኛ የሃይድሮጅን አቶም የኤሌክትሮኑ ስፒን ሲገለበጥ በ1420.4058 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በ21.1 ሴ.ሜ የሞገድ ርዝመት፣ ያመነጫል ወይም ይውጣል። ሄንድሪክ ቫን ደ ሁልስት እ.ኤ.አ. በ1944 ተነበየው፤ በ1951 ሃሮልድ ዩወንና ኤድዋርድ ፐርስል በሃርቫርድ ከኮምፔርሳቶ ሠርተው በመዳብ በለበጡት፣ በመስኮት በኩል ባወጡት ሆርን አገኙት። ከሩቅ ዘመን የመጣ ሞገድ ዩኒቨርስ ሲሰፋ አብሮ ስለተለጠጠ ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ ይደርሰናል። 18 እጥፍ ከተለጠጠ ከቢግ ባንግ በኋላ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የነበረውን ዘመን፣ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት የበሩበትን ማለት ነው፣ በ79 ሜጋኸርዝ ይነግረናል። 7 እጥፍ ብቻ ከሆነ 203 ሜጋኸርዝ ላይ እናገኘዋለን።

ዌቭጋይዱ

ከሆርኑ ጀርባ የሚሆነው አንድ ጫፉ የተዘጋ አራት ማዕዘን የብረት ሳጥን ነው። የውስጥ ስፋቱ 16.5 ሴ.ሜ፣ የውስጥ ቁመቱ 8.3 ሴ.ሜ፣ ርዝመቱ 25 ሴ.ሜ ይሁን። ማንኛውም የቆርቆሮ ሠራተኛ ከ1 ሚ.ሜ ላሜራ አጥፎ ይሠራዋል። ልኩ የውስጥ መሆኑን ግን ደጋግማችሁ ንገሩት፤ አለበለዚያ የውጩን ለክቶ ያስረክባችኋል።

የ20 ሊትር የዘይት ቆርቆሮ ዝግጁ ሳጥን ስለሚመስል ብዙ ሰው በእሱ ይጀምራል። ጎኑ ግን 23.5 ሴ.ሜ ገደማ ነው። በዚህ ስፋት ሁለተኛው የሞገድ ዓይነት ከ1276 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ማለፍ ይችላል፤ ሳጥኑ ካሬ በመሆኑ ሌሎችም ይጨመራሉ። በ1420 ላይ የምንፈልገው አንድ ሞገድ ብቻ ነው። 16.5 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ሳጥን የመጀመሪያውን ሞገድ ከ908 ሜጋኸርዝ በላይ ያሳልፋል፣ ሁለተኛውን እስከ 1800 ድረስ ይዘጋል፤ ስለዚህ 1420 በሁለቱ መካከል ተደላድሎ ይቀመጣል።

ሞገዱን የሚቀበለው ፕሮብ ቀጥ ያለ የመዳብ ሽቦ ነው። ለቤት መስመር የሚያገለግለው ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ነጠላ ሽቦ ውፍረቱ 2.26 ሚ.ሜ ስለሆነ ይስማማል። ቦታው ከተዘጋው ጫፍ 6.9 ሴ.ሜ ርቆ፣ በሰፊው ገጽ ትክክለኛ መሃል ላይ ነው። 6.9 የመጣው በሳጥኑ ውስጥ ያለው የሞገድ ርዝመት ከውጩ ስለሚበልጥ ነው፤ 21.1 ሳይሆን 27.5 ሴ.ሜ ነው፣ ሩቡ ደግሞ 6.9። ይህን ሳያውቁ በ21.1 ሩብ፣ በ5.3 ሴ.ሜ፣ የሚበሱ ሰዎች ሞልተዋል፤ አንቴናው ይሠራል፣ ግን ከሚገባው በታች። የፕሮቡ ቁመት ግን በውጩ የሞገድ ርዝመት ሩብ ይጀምራል። 5.4 ሴ.ሜ አድርጋችሁ ኤስኤምኤ ወይም ኤን ኮኔክተር መሃል ላይ በካውያ በይዱት፣ ከዚያ በግማሽ ሚሊሜትር በግማሽ ሚሊሜትር እየቆረጣችሁ ውረዱ። 5.2 አካባቢ ላይ ያርፋል።

ለዚህ ልኬት ናኖቪኤንኤ የሚባለው፣ ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ በቂ ነው። እስከ 3 ጊጋኸርዝ የሚደርሰውን ሞዴል ምረጡ፤ የቀደሙት ርካሽ ሞዴሎች ከ300 ሜጋኸርዝ በላይ በሃርሞኒክ፣ ማለትም በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ብዜት፣ ስለሚሠሩ ንባባቸው ይንቀጠቀጣል። የሚመለሰው ኃይል ከገባው በ15 ዴሲቤል ካነሰ ጥሩ ነው፣ በ10 ካነሰ ያስኬዳል። ልኬቱን ሆርኑ ከተገጠመ በኋላ ድገሙት፤ ባዶ ሳጥኑ ብቻውን የሚሰጠው ቁጥር የተለየ ነው። መሣሪያው ካልተገኘ ከታች በሚመጣው የሙቅና የቀዝቃዛ ልኬት እያነጻጸሩ መቁረጥ ይቻላል፤ አድካሚ ነው እንጂ ያደርሳል።

ሆርኑ

አፉ 75 በ58 ሴ.ሜ፣ ጥልቀቱ 70 ሴ.ሜ። ሁለቱ ሰፋፊ ገጾች ከላይና ከታች ይገጠማሉ፤ ጠባብ ጎናቸው 16.5፣ ሰፊ ጎናቸው 75፣ ከፍታቸው 74.3 ሴ.ሜ ነው። ሁለቱ የጎን ገጾች ከ8.3 ወደ 58 ይሰፋሉ፤ ከፍታቸው 75.9 ሴ.ሜ። የገጾቹ ከፍታ 70 አለመሆኑን ልብ በሉ። 70 በቀጥታ መሃል ለመሃል ያለው ጥልቀት ነው፣ ገጾቹ ግን ያዘነበሉ ናቸው። ሁሉንም በ70 የቆረጠ ሰው ጠርዞቹ አይገጥሙለትም። መቁረጫችሁን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የሚገናኙት ሰያፍ ጠርዞች በአራቱም ገጾች 79.8 ሴ.ሜ መሆን አለባቸው።

ገጾቹ ከ4 ሚ.ሜ ኮምፔርሳቶ፣ ወይም ከወፍራም ካርቶን ተሠርተው በአሉሚኒየም ፎይል ቢለበጡ ይሆናሉ። ካርቶን ለአንድ ወቅት ነው፤ ሐምሌ ላይ ደጅ ያደረ ካርቶን ጠዋት ሆርን አይደለም። የፎይሉ መጨማደድ አያሳስብ፤ ከ1 ሴ.ሜ በታች ያለ ጉብታ ለ21 ሴ.ሜ ሞገድ የለም ማለት ይቻላል። የሚያሳስበው መገጣጠሚያው ነው። የተለመደው የአሉሚኒየም ቴፕ ማጣበቂያው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ አንዱን ፎይል በሌላው ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር አስተኝታችሁ ብረት ከብረት እንዲነካካ አድርጉና ቴፑን ከላይ ለመያዣ ብቻ ተጠቀሙበት። በተለይ ሆርኑ ከዌቭጋይዱ ጋር የሚገናኝበት ከንፈር ዙሪያውን በሙሉ መንካት አለበት፤ ፎይሉን ወደ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሴንቲሜትር አጥፋችሁ አስገቡት። አሉሚኒየም በተራ ሊድ እንደማይበየድ የሚታወቅ ነው፣ ጊዜ አታባክኑበት።

በዚህ ልክ የተሠራ ሆርን ጌይኑ (የማጉላት አቅሙ) 18 ዴሲቤል ገደማ፣ የሚያየው የሰማይ ስፋት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ መሆኗን ካስታወሳችሁ የምናየው ሰማይ ምን ያህል ሻካራ እንደሆነ ይገባችኋል። ለፍኖተ ሐሊብ፣ ለራሳችን ጋላክሲ፣ ግን ይበቃል።

ማጉያና መቀበያ

የመጀመሪያው ማጉያ በቀጥታ ኮኔክተሩ ላይ ይሰካል፤ በመሃል ኬብል አይገባም። ምክንያቱ ቁጥር ነው። ከማጉያው በፊት ያለ የግማሽ ዴሲቤል ብክነት ብቻውን 35 ኬልቪን ኖይዝ (በሙቀት መጠን የሚለካ የመሣሪያው የራሱ ጫጫታ) ይጨምራል፤ ተራ አርጂ-58 ኬብል ደግሞ በዚህ ፍሪኩዌንሲ በሜትር 0.7 ዴሲቤል ገደማ ይበላል። ከማጉያው በኋላ 10 ሜትር ቢሆን ግድ የለም።

ማጉያው ራሱ ፊልተር ያለው ይሁን። ኑኤሌክ የሚያመርተው ሶውበርድ+ ኤች1 ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው፤ 1420ን መሃል አድርጎ 65 ሜጋኸርዝ ያሳልፋል፣ ከ40 ዴሲቤል ያላነሰ ያጎላል። ከተማ ውስጥ ፊልተር የሌለው ማጉያ በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ የሞባይል ሲግናል ይታፈናል፤ ሲታፈን ደግሞ ዝም አይልም፣ የሌሉ መስመሮችን፣ ማለትም የሐሰት ጉብታዎችን፣ ይፈጥራል። መቀበያው ለጀማሪ አርቲኤል-ኤስዲአር ቪ3 ይበቃል። 2.4 ሜጋኸርዝ ስፋት በአንድ ጊዜ ይቀበላል፣ ጋዙ ወደ እኛ ሲመጣ ፍሪኩዌንሲው ከፍ፣ ሲርቅ ዝቅ ስለሚል ይህም ከ500 ኪ.ሜ በሰከንድ የሚበልጥ የፍጥነት መስኮት ነው፤ የፍኖተ ሐሊብ ጋዝ በሙሉ በውስጡ ያድራል። ማጉያውን በኬብሉ በኩል ኃይል የሚመግበው ባያስ ቲ በሶፍትዌር ካልታዘዘ አይበራም፤ «ምንም አይታይም» ከሚሉ ቅሬታዎች ብዙዎቹ እዚህ ያልቃሉ።

ላፕቶፑም መቀበያውም በባትሪ ቢሠሩ ይመረጣል። የመብራት መጥፋት አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን የቻርጀሩ ሲግናል ቆሻሻ ነው። የኤልኢዲ አምፖል፣ ዩኤስቢ 3 ሶኬትና ርካሽ ቻርጀር ከ3 ሜትር ርቀት ላይ ስፔክትረሙን (ኃይሉን በየፍሪኩዌንሲው የሚያሳየውን ግራፍ) ሲያበላሹ በግልጽ ይታያሉ። ዕቃውን ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ለምን እንደሚያገለግል የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ አብሮ ቢኖር አይጎዳም፤ ሬዲዮ የሚል ቃል ያለበት ዕቃ ጥያቄ ያስነሳል።

ካሊብሬሽን፣ ማለትም ሥራው

እስካሁን ያለው አናጢነት ነው። አስትሮኖሚው የሚጀምረው ኮምፒውተሩ የሚያሳየውን ቁጥር ወደ ኬልቪን ስትቀይሩ ነው።

መጀመሪያ አውቶማቲክ ጌይን ኮንትሮሉን አጥፉት። ይህ ከበራ መሣሪያው ሙቁንም ቀዝቃዛውንም አንድ ዓይነት አድርጎ ስለሚያቀርብ ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ጌይኑን በእጅ አስተካክሉ፤ ባለ 8 ቢት መቀበያ ናሙናው ከ−128 እስከ 127 ነው፣ ሆርኑ ወደ መሬት ዞሮ ሳለ የናሙናዎቹ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 20 አካባቢ ቢሆን ከላይም ከታችም ቦታ ይተርፋል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቺፑ እየሞቀ ሲሄድ ጌይኑ ይንሸራተታል፤ ፀሐይ ያረፈበት ማጉያም እንዲሁ፣ ስለዚህ በጥላ ወይም በነጭ ሳጥን ከልሉት።

አሁን ሆርኑን ወደ መሬት ደፍታችሁ ኃይሉን ለኩ። መሬት በዚህ ፍሪኩዌንሲ 295 ኬልቪን ገደማ የሚሞቅ ምድጃ ነው። ቀጥላችሁ ወደ ሰማይ፣ ከፍኖተ ሐሊብ ወደራቀ አቅጣጫ አዙሩት። ከላይ የሚመጣው የቢግ ባንግ ቅሪት ሙቀት 2.7 ኬልቪን፣ የከባቢ አየር ሁለት ሦስት ኬልቪን እና ከጎን የሚሾልክ ጥቂት ነው፤ 8 ኬልቪን ብለን እንያዝ። የሁለቱ ኃይሎች ሬሾ 3.43 ቢወጣ የመቀበያው ኖይዝ ሙቀት እንዲህ ይሰላል፦

(295 − 3.43 × 8) ÷ (3.43 − 1) = 110 ኬልቪን

ለእጅ ሥራ ይህ መልካም ውጤት ነው። ሬሾው 1.2 ከሆነ ማጉያው ኃይል አላገኘም ወይም ታፍኗል። 2 አካባቢ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የፕሮቡ ቁመት ወይም የከንፈሩ መገጣጠሚያ ነው። ጠዋት 3.4 ሆኖ ማታ 2.6 ከሆነ ኮኔክተሩን ነካኩት።

የዚህን ልኬት ትክክለኛነት በፀሐይ ማመሳከር ይቻላል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ስለምትገኝ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ ፀሐይ በእኩለ ቀን አናት ላይ ታልፋለች። ሆርኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢቆም ረጋ ያለች ፀሐይ በዚህ ልክ ሆርን ላይ ጥቂት አሥር ኬልቪን ትጨምራለች። የፀሐይዋ ጭማሪ ከግማሹ ወጥቶ ወደ ግማሹ እስኪወርድ የፈጀውን ጊዜ በሰዓት 15 ዲግሪ ስታባዙት የሆርኑን የእይታ ስፋት ታገኛላችሁ፤ 20 ዲግሪ ካልመጣ ሆርኑ የታሰበው ሆርን አይደለም።

ቀጥሎ የባንድፓስ ጉዳይ ነው። መቀበያው በ2.4 ሜጋኸርዝ ውስጥ ሁሉንም ፍሪኩዌንሲ እኩል አያጎላም፤ ዳርና ዳሩ ይወድቃል፣ መሃሉ ይወዛወዛል። ይህን ለማስወገድ በየቻናሉ ከሰማዩ ንባብ የቀዝቃዛውን ቀንሳችሁ፣ የመሬቱ ከቀዝቃዛው በሚበልጥበት ልክ አካፍላችሁ፣ በሙቀት ልዩነቱ በ287 ታባዛላችሁ፤ የቀዝቃዛውን 8 ኬልቪን መልሳችሁ ትደምራላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቀዝቃዛ የተባለው ሰማይም ሃይድሮጅን አለው፤ ጋዙ የሌለበት አቅጣጫ የለም። የቀዝቃዛውን ስፔክትረም እንዳለ ከቀነሳችሁት የራሱን መስመር ከውጤታችሁ ላይ ይቆርጥባችኋል። ስለዚህ መስመሩ ያለበትን መሃል ሸፍናችሁ በግራና በቀኝ ባለው ላይ ለስላሳ ፖሊኖሚያል አሳልፉና እሱን ተጠቀሙ። ሌላው መንገድ መቀበያውን በ1420.1 እና በ1420.7 ሜጋኸርዝ እያፈራረቁ መቅዳት ነው፤ የመሣሪያው ቅርጽ ከማስተካከያው ጋር አብሮ ሲሄድ ሰማዩ ባለበት ይቀራል። ሁለቱንም ብታደርጉ ይሻላል። ሁለቱ የተለያየ መልስ ከሰጡ አንዱ ውስጥ ያላያችሁት ነገር አለ።

ሰማዩን መቅዳት

የኖይዙ ስፋት የሲስተሙ ጠቅላላ ሙቀት ÷ √(የቻናል ስፋት × ጊዜ) ነው። 2.4 ሜጋኸርዙን በ1024 ቻናል ስንከፍል አንዱ 2.34 ኪሎኸርዝ ይሆናል፣ በፍጥነት ሲለካ ግማሽ ኪ.ሜ በሰከንድ። ሲስተሙ 130 ኬልቪን ቢሆን በ5 ደቂቃ ኖይዙ ወደ 0.16 ኬልቪን ይወርዳል። በፍኖተ ሐሊብ ወገብ ላይ መስመሩ በአሥሮች ኬልቪን ስለሆነ 5 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ሆኖም የ5 ደቂቃውን አማካይ ብቻ አውጥታችሁ አታስቀምጡ። በየ10 ሰከንዱ አንድ ስፔክትረም ይቀመጥ፤ በመሃል የገባ ብልሽት ሲገኝ ያቺን 10 ሰከንድ ብቻ ትጥላላችሁ።

ለጀማሪ የሚሻለው ሆርኑን አቁሞ ሰማዩን ማሳለፍ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በ59 ዲግሪ ከፍታ ቢቆም በ40 ዲግሪ ሰሜን ዴክሊኔሽን (የሰማይ ኬክሮስ) ያለውን የሲግነስ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ ያሳልፋል፤ ወደ ደቡብ በ52 ዲግሪ ቢሆን የጋላክሲውን ማዕከል። ኬክሮሱ ለዚህ ሥራ የታደለ ነው፤ የሰሜኑንም የደቡቡንም የፍኖተ ሐሊብ ክፍል ከአንድ ጣሪያ ላይ ማየት ለአውሮፓ ተማሪ አይሆንለትም። በሲግነስ በኩል በ0 ኪ.ሜ በሰከንድ አካባቢ ትልቁ ጉብታ፣ ከዚያም በ−40 እና በ−80 አካባቢ የውጩ የጋላክሲ ክንዶች ይታያሉ። −40 ማለት መስመሩ በ190 ኪሎኸርዝ ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው።

የምድር በፀሐይ ዙሪያ መዞር ብቻውን መስመሩን እስከ 30 ኪ.ሜ በሰከንድ፣ ወይም 142 ኪሎኸርዝ፣ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሰዋል፤ በጥቅምት የቀዳችሁትንና በሚያዝያ የቀዳችሁትን ሳታርሙ ብትደርቡ ጉብታዎቹ አይገጣጠሙም። አስትሮፓይ የተባለው የፓይተን ጥቅል ይህን ያርማል፤ ግን ትክክለኛ ሰዓትና ቀን ከተሰጠው ብቻ። የፋይል ስም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) እና በፈረንጅ ቀን ይጻፍ። አዲስ አበባ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች፣ በእኛ አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓት የሆነው ደግሞ በዩቲሲ 9 ነው። በማስታወሻ ደብተር ላይ «6 ሰዓት» ተብሎ ተጽፎ ከወራት በኋላ እኩለ ቀን ይሁን ማለዳ 12 ያልተለየ ልኬት ሰማዩን በ90 ዲግሪ ያዞረዋል።

ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ በዓለም አቀፍ ደንብ ማንም እንዳያሠራጭበት የተከለለ ነው። ያም ሆኖ ቆሻሻ ይገባል። ከሰማይ የመጣውን ለመለየት አስተማማኙ ፈተና ሰዓት ነው፤ ከዋክብት በየቀኑ 3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ቀድመው ይመለሳሉ። ጉብታችሁ በሳምንት ውስጥ 27 ደቂቃ ቀድሞ ካልመጣና ሁልጊዜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከሆነ የጎረቤት ነው።

ወደ 78 ሜጋኸርዝ

ወደ መጀመሪያዎቹ ከዋክብት ዘመን ስንወርድ ሆርን አይሆንም። ሞገዱ 3.8 ሜትር ስለሆነ ከምድር ጥቂት ከፍ ብሎ የሚተኛ ዳይፖል፣ ማለትም ሁለት ክንድ ያለው አንቴና፣ ነው የሚሠራው። ከዚህ ለውጥ የሚበልጠው ግን የቁጥሮቹ ለውጥ ነው። በ1420 ላይ ሰማዩ 8 ኬልቪን፣ ሲግናሉ አሥሮች ኬልቪን ነበር። በ78 ላይ ጸጥ ያለው የሰማይ ክፍል እንኳ 1600 ኬልቪን ገደማ ነው፤ በጋላክሲያችን መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የሚሽከረከሩ ኤሌክትሮኖች የሚያመነጩት ነው። የሚፈለገው የሃይድሮጅን መዋጥ በተለመዱት ሞዴሎች ቢበዛ 0.2 ኬልቪን ነው። 8000 እጥፍ ልዩነት ማለት ነው።

ብዙ ጀማሪ ይህን ሲሰማ ረጅም ጊዜ መቅዳት ያስፈልጋል ብሎ ያስባል። አያስፈልግም። በ1 ሜጋኸርዝ ቻናል ኖይዙን ወደ 0.02 ኬልቪን ለማውረድ ከላይ ባለው ቀመር 6400 ሰከንድ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ የማይሞላ፣ ይበቃል። እንቅፋቱ የመሣሪያው የራሱ ቅርጽ ነው። ሰማዩ በፍሪኩዌንሲ ለስላሳ ነው፤ መሣሪያው ግን አይደለም፣ ለስላሳውን 1600 ኬልቪን በሺህ አንድ ብቻ ቢያወዛውዘው 1.6 ኬልቪን የሐሰት ሞገድ ይፈጠራል፣ ከምንፈልገው 8 እጥፍ።

ኬብሉን ተመልከቱ። ከአንቴናው የተመለሰ ሞገድ ኬብሉን ደርሶ ሲመለስ በስፔክትረሙ ላይ ሞገድ ይተዋል፤ የሞገዱ ስፋት የብርሃን ፍጥነት በኬብሉ ውስጥ ÷ (2 × ርዝመት) ነው። ብርሃን በተራ ኬብል ውስጥ በ0.66 እጥፍ ፍጥነት ይሄዳል፤ ስለዚህ 10 ሜትር ኬብል 10 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ሞገድ፣ 5 ሜትር ደግሞ 20 ሜጋኸርዝ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኤጅስ ቡድን ከምዕራብ አውስትራሊያ አገኘሁ ያለው መዋጥ መሃሉ 78 ሜጋኸርዝ፣ ስፋቱ 19 ሜጋኸርዝ፣ ጥልቀቱ 0.5 ኬልቪን ነበር። እነሱ ኬብሉን ለማስወገድ መቀበያውን ከአንቴናው ሥር ነው የቀበሩት፤ መሣሪያውንም በክፍል ሙቀት ባለ ጭነት (በአንቴናው ቦታ በሚሰካ ሬዚስተር)፣ በጋለ ጭነት፣ ጫፉ ክፍት በሆነና ጫፉ በተዘጋ ረጅም ኬብል ካሊብሬት አድርገዋል። ያም ሆኖ ከአንቴናው ሥር የተነጠፈው 30 በ30 ሜትር የብረት ወለል ራሱ ሬዞናንስ (በተወሰነ ፍሪኩዌንሲ የሚጎላ ንዝረት) ሊፈጥር ይችላል የሚል ትችት ተነሣ። በሕንድ ካርናታካ ያለው የሳራስ 3 ቡድን ደግሞ ከአንቴናው ሥር ያለው ነገር አንድ ወጥ እንዲሆን መሣሪያውን በውሃ ላይ አንሳፈፈ፤ በ2022 ባወጣው ውጤት የኤጅስን ቅርጽ በ95.3 በመቶ እርግጠኝነት ውድቅ አድርጎታል። እኛም ሐይቅ አናጣም፤ ችግሩ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው ኤፍኤም የማይሰማበት ሐይቅ ማግኘቱ ነው። ያ ባንድ የሚሸፍነው ሞገዱ ከ13 እስከ 16 እጥፍ የተለጠጠበትን ዘመን ነው። ጣቢያው ከአድማስ በታች ቢሆንም ሰማይ ላይ የተቃጠለ ተወርዋሪ ኮከብና የሚያልፍ አውሮፕላን እያንጸባረቁ ያመጡታል።

ይህን ሁሉ ያለ መሣሪያ፣ በላፕቶፕ ብቻ መለማመድ ይቻላል፤ መደረግም አለበት። ከ55 እስከ 105 ሜጋኸርዝ፣ በ0.5 ሜጋኸርዝ ደረጃ፣ በ78 ላይ 1600 ኬልቪን ሆኖ ከፍሪኩዌንሲው ጋር በ−2.6 ኤክስፖነንት የሚወርድ ሰማይ ፍጠሩ። የሃይድሮጅኑን መዋጥ የሚወክል 0.2 ኬልቪን ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ጨምሩ፣ 0.02 ኬልቪን ኖይዝም። በሎጋሪዝም ባለ 5 ቁራጭ (ተርም) ፖሊኖሚያል አስቀንሱት፤ ከጉድጓዱ የተረፈውን እዩ። ቁራጮቹን ወደ 7 ስታሳድጉ ፖሊኖሚያሉ ሲግናሉን ራሱ መብላት ይጀምራል። ከዚያ ጉድጓዱን አውጡና በምትኩ 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው፣ መጠኑ በሺህ አንድ የሆነ የኬብል ሞገድ አባዙበት። የተረፈው ግራፍ አሳማኝ መዋጥ ይመስላል፣ ምንም ሳይኖር።

ትክክለኛ ዳታ ላይ ስትደርሱ ሁለቱን የሚለየው እንደገና የሰማይ ሰዓት ነው። ከመጀመሪያው ዩኒቨርስ የሚመጣው አማካይ ሲግናል በሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው፤ ጋላክሲው አናት ላይ ሲሆን 5000 ኬልቪን፣ ሲጠልቅ 1600 ቢሆን የጉድጓዱ ጥልቀት አይለወጥም። የመሣሪያው ሞገድ ግን ከሰማዩ ጋር ያድጋል፣ ምክንያቱም ሰማዩን የሚያባዛ ነው። ዳታውን ጋላክሲው በወጣበትና በጠለቀበት ሰዓት ለሁለት ክፈሉ፤ ጥልቀቱ በሦስት እጥፍ ከተለወጠ ወደ ኬብሉ ተመለሱ። አንቴናውን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ደግሞ ቅዱ፤ ቀኑንና ሌሊቱን ለየብቻ ፈትሹ። ሁሉንም ከመክፈታችሁ በፊት ግን ስንት ቁራጭ ፖሊኖሚያል እንደምትጠቀሙና የትኛውን ሰዓት እንደምትጥሉ ጽፋችሁ አስቀምጡ። የሥራ ባልደረባችሁም ዳታው ውስጥ እናንተ የማታውቁት ሐሰተኛ ጉድጓድ ይቅበር ወይም ይተው፤ የቀበረበትን ፍሪኩዌንሲና ጥልቀት የምታዩት መልሳችሁን በጽሑፍ ከሰጣችሁት በኋላ ይሁን።